በመነሻው መስመር ላይ የሚፈተን ልብ

 

በቅርቡ ከአንድ ወዳጄ ጋር የትምህርት ቤት የሩጫ ውድድር ለማየት ሄጄ ነበር። ልጁ በልምምድ ጊዜ እኩዮቹን ሁሉ የሚቀድም ነው። በዚያን ቀን ግን መነሻው ላይ ቆሞ ዓይኑ ከወዲያ ወዲህ ይንከራተት ነበር። ስድስተኛ ወጣ። አባትየውም ልጁ ትንፋሹን እንኳ ሳይሰበስብ «አዋረድከኝ!» አለው። ይህች ቃል እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም። ለመሆኑ አካሉ ጠንካራ የሆነ ሰው በውድድር ቀን ምን ይይዘዋል?

የሞሮኮውን ሯጭ ሂሻም ኤል ገሩዥን፣ በተለይ አባቶች፣ ታስታውሱታላችሁ። በ1996 እ.ኤ.አ. በአትላንታ ኦሎምፒክ የ1500 ሜትር ፍጻሜ አንድ ዙር ያህል ሲቀር ከአልጄሪያዊው ኑረዲን ሞርሴሊ እግር ጋር ተጠላልፎ ወደቀ፤ 12ኛ ሆኖ ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ከ1997 እስከ 2003 አራት የዓለም ሻምፒዮናዎችን በተከታታይ አሸነፈ። በ1998 ሮም ላይ በ3 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ያስመዘገበው ክብረ ወሰን ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሳይሰበር ቆይቷል። ሆኖም በ2000 የሲድኒ ኦሎምፒክ በኬንያዊው ኖህ ንጌኒ በሩብ ሰከንድ ተቀደመ። በሌላው ሜዳ ሁሉ የሚያሸንፈው ሰው ኦሎምፒክ ላይ ሁለት ጊዜ ወርቁን አጣ። በልቡ የነበረውን አላህ ነው የሚያውቀው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ሸክም ተሸክሞ መሮጥ ቀላል እንዳልሆነ ማንም ይረዳዋል።

የስፖርት ሥነ ልቦና ባለሙያዎች ይህን ሸክም በሰፊው አጥንተውታል። እኛ በምናውቀው ምሳሌ እንየው። በመድረሳ አንድን ሱራ አሳምሮ የሐፈዘ ልጅ ብቻውን ሲቀራ ምላሱ ይፈስሳል። በእንግዶች ፊት ሲቆም ግን «ቀጥሎ የቱ ነበር? ብሳሳትስ?» ብሎ ራሱን መከታተል ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የሚያውቀው ይጠፋበታል። የሯጭ እግርም እንዲሁ ነው። በልምምድ ብዛት ያለ ሐሳብ የሚሠራውን ሥራ፣ በጭንቀት ጊዜ አእምሮ ጣልቃ ገብቶ ልምራው ሲል ያደናቅፈዋል። ትንፋሽ ያጥራል፣ ትከሻ ይጠነክራል፣ ጉልበት በከንቱ ያልቃል።

የልብ በፍጥነት መምታት ግን በራሱ ክፉ አይደለም። አካል ለሥራ ሲዘጋጅም ልብ ይመታል። አንዱ «ፈራሁ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ሌላው «ተዘጋጀሁ» ይላል። ትንፋሽን ቀስ ብሎ ማውጣት፣ ሐሳብንም ከውጤቱ መልሶ በእጅ ባለው ሥራ ላይ ማድረግ የሚረዳው ለዚህ ነው። ማን አንደኛ እንደሚወጣ በሯጩ እጅ አይደለም፤ አነሳሱና እርምጃው ግን በእጁ ነው። ሰበብ ማድረስና ተወኩል የሚሉትን ቃላት ለሚያውቅ ሙእሚን ይህ እንግዳ ትምህርት አይሆንበትም።

ወደ ኤል ገሩዥ እንመለስና፣ በ2004 ከአቴንስ ኦሎምፒክ ትንሽ ቀደም ብሎ ዙሪክ ላይ በበርናርድ ላጋት ተሸንፎ ነበር። አቴንስ ላይም ላጋት በመጨረሻው ቀጥታ መስመር አጠገቡ ደረሰ። ኤል ገሩዥ ግን እርምጃው ሳይበተን በ0.12 ሰከንድ ቀደመው። ከአራት ቀን በኋላም በ5000 ሜትር የእኛኑ ቀነኒሳ በቀለን በ0.20 ሰከንድ አሸነፈ። ያን ምሽት በየቤታችን ምን ያህል እንደተከፋን አልረሳውም!

እንግዲህ ወላጆች፣ ልጃችሁ ተሸንፎ ሲመጣ መጀመሪያ ውኃ ስጡት። ስለ ውጤቱ እሱ ራሱ እስኪያነሳ ጠብቁ። ሲያነሳም «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለት «የቱ ላይ ከበደህ?» በሉት። ለሴት ልጆቻችንም ያው ነው። ስፖርት የፍርድ ቤት ያህል ሲያስፈራቸው ልጆች ይተዉታል፤ ጤናቸውም አብሮ ይጎዳል።

ያን ልጅ በመንገድ ላይ «መነሻው ላይ ቆመህ ምን ታስብ ነበር?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «አባቴ የት እንደቆመ» አለኝ። ይህንን ለአባትየው ስነግረው ብዙ ዝም አለ። ቀጥሎም «እንግዲያው ሁለተኛ አልሄድም» አለ። ልጁ ግን እንዲመጣ ይፈልጋል።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።