ደረሰኝ ልጻፍልዎት

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንዲት የመዋጮ ሰብሳቢ አባል ያደረገችው ንግግር)

ቁጭ ብዬ ብናገር ቅር አይበላችሁ። መቆም አቅቶኝ አይደለም፤ ዛሬ ከሸዋ በር እስከዚህ በእግሬ ስለ መጣሁ እግሬ ቀፎው ውስጥ አብጦብኝ ነው። ትንሽ ላሳርፈው።

ስለ መዋጮው ሥራ እንድናገር ነው የተጠየቅሁት። ሒሳቡን ገንዘብ ያዣችን ታቀርባለች። እኔ የማወራው ሒሳቡ ላይ ስለማይጻፈው ነው።

ለማታውቁኝ ባጭሩ፦ በድሬዳዋ መንገድ በደረሰ የመኪና አደጋ ሁለቱንም እግሮቼን ከጉልበት በታች አጣሁ። ከዚያ በፊት የዚህ ማኅበር መዋጮ ሰብሳቢ ነበርኩ፤ ጀጎል ውስጥ ያላንኳኳሁት በር ጥቂት ነው። ሰው ሠራሽ እግሮቼን አድርጌ ተመልሼ «ሥራዬን ስጡኝ» ስል ኮሚቴው ዝም አለ። ዝምታው የርኅራኄ ነበር፤ አውቃለሁ። ግን ዝምታ ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደፈለግሁት ልንገራችሁ። ሰው ሠራሽ እግር እንደ ጫማ ሄደው ገዝተውት የሚመጡት ነገር አይደለም። መጀመሪያ በጄሶ ልክ ይወሰዳል። በዚያ ልክ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ በምድጃ ሞቆ ቀፎው ይሠራል። ከዚያ ይለካል፣ ይስተካከላል፣ እንደገና ይለካል። ከዚያ በሁለት ብረቶች መካከል ብረቱን ይዞ እንደ ሕፃን መራመድ መማር ነው። ሳምንታት ይፈጃል። ለልጅ ከሆነ ደግሞ ልጁ ባደገ ቁጥር በየስድስት ወሩም በየዓመቱም መለወጥ አለበት። እግሩ ራሱ በነጻ ቢገኝ እንኳ ከገጠር የመጣች ሴት እነዚያን ሳምንታት የት ትደር? ምን ትብላ? ቤቷንና ከብቶቿን ማን ይጠብቅላት?

ከእኔ ጋር ትለማመድ የነበረች አንዲት እናት የማደሪያ ገንዘቧ ሲያልቅ ልምምዱን ሳትጨርስ ሄደች። አዲሱን እግር በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ፣ በክራንቿ እየተራመደች ነው መኪና የተሳፈረችው። ያ ከረጢት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ይህ የማደሪያና የትራንስፖርት መዋጮ የተጀመረው በዚያች ሴት ምክንያት ነው።

ስለ ራምቦ ሳትሰሙ አልቀራችሁም፤ አስጎብኚዎቻችን ቤቱን እያሳዩ ስለ ግጥሙ ያወራሉ። ስለ እግሩ የሚያወራ ግን ብዙ አልሰማሁም። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ እዚህ ሐረር ሲነግድ ኖሮ፣ ጉልበቱ አብጦ በ1891 እ.ኤ.አ. በቃሬዛ ተሸክመውት እስከ ዘይላ ወረደ። ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ። የእንጨት እግር ተሠራለት፤ ሲሞክረው ቁስሉ ተቆጣበትና ወደ ጎን ጣለው። በሽታው ወደ ላይ እየወጣ ነበርና በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሞተ፤ እስከ መጨረሻው ግን ወደ ሐረር ልመለስ ይል ነበር። እዚህ ሲያገለግለው ለነበረው ለጃሚ ገንዘብ ተናዝዞለታል። እኔ እሱን ሳስብ የሚታየኝ ገንዘብ ነበረው፣ እግሩም ተሠራለት፤ ለመልመድ የሚሆን ጤናና ጊዜ ግን አላገኘም። የኛዎቹ ሴቶች ጤናው አላቸው። የጎደላቸው የማደሪያ ገንዘብ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ሰው ሁሉ ዳገቱ የሚከብደኝ ይመስለዋል። የሚከብደኝ ቁልቁለቱ ነው። ቁርጭምጭሚት የለኝም፤ እግሩ አይታጠፍም፤ ስወርድ ጉልበቴን ወደ ፊት ይገፋብኛል። ስለዚህ በጎኔ ነው የምወርደው፤ አንድ እጄ ግድግዳ ላይ፣ አንድ እጄ ቦርሳዬ ላይ። ክረምት ላይ ድንጋዩ ሲረጥብ ደግሞ ከቤት አልወጣም፤ ጀግንነት አይደለም ቁም ነገሩ።

ያላሰብኩት ችግር የሐረር ቤት ነበር። ሰው ቤት ሲገባ ጫማ ይወልቃል አይደል? የእኔ እግር የተስተካከለው በጫማዬ ተረከዝ ልክ ነው። ሳወልቀው ወደ ኋላ ያዳፋኛል። አንድ ቀን ነደባው ላይ ልቀመጥ ስል በጀርባዬ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። የቤቱ ባለቤት አሮጊት እናት ያዙኝና ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ስመጣ በራፍ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይዘው ይጠብቁኛል፤ የጫማዬን ሶል እጠርግና ከነጫማዬ እገባለሁ። ለእንግዳ ሕግ ሲቀየር ያየሁት በእሳቸው ቤት ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ይህ አይደለም። መጀመሪያ የወጣሁ ዕለት መኪና ግርግር ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ሲያዩኝ መኪናቸውን አቆሙና፣ አፌን ሳልከፍት፣ 10 ብር እጄ ውስጥ አስቀመጡ። «አይዞሽ ልጄ፣ አላህ ይርዳሽ» አሉኝ። የደረሰኝ ጥራዙ ገና ከቦርሳዬ አልወጣም። ሱቃቸው ብዙ ጊዜ የሄድኩበት ነው፤ ድሮ ግን «ደግሞ መጣሽ? ያለፈው ወር ገንዘብ የት ደረሰ?» ብለው ይሟገቱኝ ነበር። በዚያች 10 ብር ሙግታችን አለቀ። ያን ቀን ሌላ በር ሳላንኳኳ ቤቴ ገባሁ፤ አልቅሻለሁም።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ጥራዙን አወጣሁና «ደረሰኝ ልጻፍልዎት፤ ስም ማን ልበል?» አልኳቸው። ስሜን ታውቂው የለም እንዴ ብለው ተቆጡ። «የሰጠሁት ላንቺ ነው» አሉ። «ለእኔ ከሆነ ይኸው ይውሰዱት። ለማኅበሩ ከሆነ ስምዎን ይንገሩኝ» አልኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩኝና ስማቸውን ነገሩኝ። በወሩ ስሄድ የመጀመሪያው ቃላቸው «ያ ገንዘብ ስንት ሴት አሳደረ?» የሚል ነበር። መሟገት ጀመርን። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ምጽዋት አሳፋሪ ነው አላልኩም። አንድ ዝናባማ ማታ የባጃጅ ልጅ ሒሳብ አልቀበልም ሲለኝ አመስግኜ ወርጃለሁ፤ ደረሰኝ አልጻፍኩለትም። የተቀበልኩት እኔ ነኛ። በማኅበሩ ስም የቆምኩ ጊዜ ግን ሌላ ነው።

ስለ ፎቶውም ጉዳይ ብዙ ስለ ተወራ ልናገር። ከኮሚቴያችን አንዷ «እግርሽ ፖስተሩ ላይ ቢታይ ብዙ ብር ይገኛል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ይገኛል። እግሬን የምደብቅም ሴት አይደለሁም። ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ ቀኝ እግሩን በካንሰር ያጣ ወጣት ነበር። በ1980 እ.ኤ.አ. በሰው ሠራሽ እግሩ፣ በቁምጣ፣ ሁሉም እያየው በ143 ቀን 5,373 ኪሎ ሜትር ሮጧል። ካንሰሩ ሳንባው ገብቶ አስቆመው እንጂ አላቆመም ነበር። ከእያንዳንዱ ካናዳዊ የለመነው 1 ዶላር ነው፤ በቀጣዩ ዓመት የካቲት ላይ ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሶለታል። እግሩ ታይቷል፤ የጠየቀው ግን ለካንሰር ምርምር ነው፤ ጠያቂውም ራሱ ነው። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው፦ ፎቶ አንሱኝ፣ እግሬም ይታይ፤ ግን ደረሰኝ ስጽፍ አንሱኝ። ተሟገትን፤ ድምፅ ተሰጠ፤ በጥቂት ድምፅ አሸነፍኩ። ፖስተሩ በራፉ ላይ ተለጥፏል፤ ስትወጡ እዩት። ፊቴ ትንሽ ኮስተር ብሏል፤ የካርቦን ወረቀቱ ተገልብጦብኝ ነው።

የመጪው ቅዳሜ ተራ የኤረር በር ሰፈር ነው። ያ መንገድ እንደምታውቁት ወደ ታች ነው። ክንዷን የምታውሰኝ አንዲት እህት እፈልጋለሁ። ጥራዙን እኔ እይዛለሁ።