ጫማውን አጥፉልኝ



ተመራቂዎች፣ ለዛሬው ምረቃችሁ ንግግር ጽፌ ነበር። በር ላይ የመመረቂያ ሥራችሁን፣ የአርበኞቹን የግድግዳ ሥዕል ሳይ ግን ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ፊት ለፊት የቆመው አርበኛ ጎፈሬው ግሩም ነው፤ ጋሻና ጦሩም እንዲሁ። እግሩ ላይ ግን የሚያብረቀርቅ ቡትስ አጥልቃችሁለታል። ልጆቼ፣ የጎጃም አርበኛ አምስት ዓመት ጣሊያንን የተፋለመው አብዛኛው በባዶ እግሩ ነው።

የሽማግሌ ነገር፣ ጫማ ምን አስቆጠረው አትበሉኝ። ታሪኩ እዚሁ ካርቱም፣ ካላክላ ደጃችሁ ላይ ነው። ነጭ አባይን ይዛችሁ ወደ ደቡብ ብትወጡ ጀበል አውሊያ ትደርሳላችሁ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 1932 ካርቱም ገብተው ወደ አገራቸው የሚመለሱበትን ቀን የጠበቁት እዚያ ነው። ጥቁር አባይ ዳር ደግሞ ሶባ አለ። ስደተኞቹ ልጆቻችን መኮንንነት የተማሩት እዚያ ነበር፤ ኋላ ጄኔራል የሆኑት ሙሉጌታ ቡሊና መንግሥቱ ንዋይ ከነሱ መካከል ናቸው። ጄኔራል አማን አንዶምም የተወለዱት እዚሁ ካርቱም ነው።

ጥር 12 ቀን 1933 ድንበሩ ላይ ባለችው ኦሜድላ ሰንደቅ ዓላማችን ተሰቀለ። ከዚያ ወዲያ የጎጃምን መንገድ ከኛ ሰዎች ጋር የተጋፈጠ የሱዳን ወታደር ነበር። ስንቁንና ጥይቱን የተሸከመው ወደ 15 ሺህ የሚጠጋ የሱዳን ግመል ነው። በረሃ ለምዶ ያደገ እንስሳ ዳገትንና የደጋን ብርድ እንዴት ይችለዋል? በየመንገዱ ረገፈ። አዲስ አበባ የደረሰው መቶ አይሞላም።

በሥዕላችሁ ላይ ንጉሠ ነገሥቱን አየሁ፤ አርበኞቹንም አየሁ። ሱዳናዊውን ግን አጣሁት። ያውም ካላክላ ላይ! ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን በትሕትና ዝም አሉ እንጂ ሳያስተውሉ የቀሩ አይመስለኝም።

ካርቱም የግድግዳ ሥዕልን ዋጋ ታውቃለች። በ2011 ወጣቶቿ በጦር ሠራዊቱ ጠቅላይ መምሪያ ዙሪያ ለተቃውሞ ሰልፍ ተቀምጠው ያገኙትን ግድግዳ ሁሉ ሥለውበት ነበር፤ ሰልፉ በጥይት ከተበተነ በኋላ ብዙው በቀለም ተሸፈነ። የናንተንም ሥዕል ዝናብና ፀሐይ ይጨርሱት ይሆናል። እኛው አጉድለነው ግን አይቆይ።

እንግዲህ የምስክር ወረቀታችሁን ከመስጠቴ በፊት አንድ ልመና አለኝ። ጫማውን አጥፉልኝ። በስተግራ ባዶ በቀረችው ቦታ ላይም አንድ ሱዳናዊ ወታደር ከነግመሉ ሣሉልኝ። የቀለሙን ዋጋ እኔ እከፍላለሁ።