ኦሳ በቀይ ባሕር፦ ያገኘናቸው ሚሳይል ጀልባዎችና ያልነበረን የጥገና ቤት



እንደ አቃቂ በሰቃ ከባሕር ይህን ያህል ርቆ በሚገኝ ከተማ ስለ ጦር ጀልባ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ አገራችን ከባሕር ጋር ያላት የዕለት ተዕለት ግንኙነት ጎልቶ የሚታየው እዚሁ ሠፈር ነው። ከጅቡቲ ኮንቴይነር ጭኖ የተነሣ ተሳቢ ቃሊቲን ሳይረግጥ አዲስ አበባ አይገባም። የድሮው ባቡር አቃቂ ጣቢያ ላይ ሲያፏጭ ኖሯል፤ አዲሱም ጭነቱን ኢንዶዴ ያራግፋል።

ሁለተኛው ምክንያቴ ከዚህ ይበልጣል። አቃቂ የብረት ሠራተኛ ከተማ ናት። በዚህ አዳራሽ ቶርኖ ላይ የቆማችሁ፣ ብየዳ የምታውቁ፣ ለፋብሪካ መለዋወጫ ስትቀርጹ የኖራችሁ ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። የምናገረው ታሪክ ላይ ላዩን ሲያዩት የሚሳይልና የጦርነት ይመስላል፤ ውስጡ ግን የእናንተው ሙያ ታሪክ ነው። ኢትዮጵያ በዘመኑ ከሚፈሩት የባሕር መሣሪያዎች አንዱን አግኝታ ነበር። መሣሪያውን በሕይወት የሚያቆየውን የጥገና አቅም ግን በሌላ መንግሥት እጅ ላይ ተወችው። የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብ ይህ ነው።

የጀልባዋ አፈጣጠር

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሶቪየት ኅብረት አንድ ችግር ተደቀነባት። ተቀናቃኟ አሜሪካ ግዙፍ አውሮፕላን ተሸካሚና ክሩዘር መርከቦች ነበሯት። በመርከብ ብዛትና በክብደት ልወዳደር ብትል ኢኮኖሚዋ አይችለውም። ስለዚህ በርካሽ የምትሠራ ትንሽ ጀልባ ትልቁን መርከብ ከሩቅ የምትመታበትን ዘዴ ፈለገች። ዘዴው ምዕራባውያን ስቲክስ ብለው የሚጠሩት ፒ-15 ሚሳይል ሆነ። ሚሳይሉ ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል፤ 500 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ፈንጂ ይሸከማል፤ ወደ ዒላማው ሲቃረብ የራሱን ራዳር ከፍቶ መርከቡን ይፈልጋል። የመጀመሪያው ዓይነት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄድ ነበር፤ የኋለኛው ይህን እጥፍ አደረገው።

በመጀመሪያ ሚሳይሉን የጫኑት ከቶርፔዶ ጀልባ በተለወጠች፣ አካሏ በእንጨት በተሠራች ኮማር በምትባል ጀልባ ላይ ነው። ኮማር ሁለት ሚሳይል ብቻ ትይዛለች፤ ባሕሩ ሲናወጥም ትቸገራለች። በዚህ ምክንያት ዩክኒን የተባለው የመርከብ ነዳፊ የሚመራው ቡድን ከመነሻው ለሚሳይል ታስባ የተሠራች የብረት ጀልባ ነደፈ። በሶቪየት ሰነድ ፕሮጀክት 205 ትባላለች፤ ዓለም የሚያውቃት ኔቶ ባወጣላት ስም፣ ኦሳ ተብላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ አገልግሎት ላይ ዋለች፤ በመቶዎች ተሠርታም ወደ ብዙ አገሮች ተላከች።

ኦሳ 38.6 ሜትር ትረዝማለች። ሠላሳ የማይሞላ ሰው ያንቀሳቅሳታል። አራት ሚሳይሎች፣ ከፊትና ከኋላዋም ባለ መንታ አፈሙዝ 30 ሚሊ ሜትር መድፎች አሏት። ወደ 40 ኖት ትፈጥናለች፤ ይህም በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ተሻሽላ የወጣችው «ኦሳ ሁለት» ክንፉን የሚያጥፍ ሚሳይል ስለተሰጣት ማስወንጨፊያዎቿ ክብ ሆነው ጠበቡ፤ ሞተሮቿም ጉልበት ጨመሩ። ኢትዮጵያ ያገኘችው ይህችን ነው።

ሦስት ውጊያዎች

የዚህ ዓይነት ጀልባ ምን እንደምትችልና ምን እንደማትችል ሦስት ውጊያዎች አሳይተዋል።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1967 ነው። የግብፅ ኮማር ጀልባዎች ከፖርት ሰይድ ወደብ ሳይወጡ ሚሳይል ተኩሰው ኤላት የተባለችውን የእስራኤል አጥፊ መርከብ አሰጠሙ። 47 መርከበኞች ሞቱ። የትልልቅ መርከቦች ባለቤት የሆነ ባሕር ኃይል ሁሉ ያን ቀን ደነገጠ።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1971 ሆነ። ሦስት የሕንድ ኦሳ ጀልባዎች በሌሊት ካራቺ ድረስ ዘልቀው ካይባር የተባለችውን የፓኪስታን አጥፊና ሙሐፊዝ የተባለችውን ፈንጂ ጠራጊ አሰጠሙ፤ አንድም ጀልባ ሳይጎድልባቸው ተመለሱ። ጀልባዎቹ የያዙት ነዳጅ ሩቅ ስለማያስኬዳቸው ሕንድ አጃቢ መርከቦችን መድባላቸው ነበር። ድሉን ያስገኘው ጀልባዋን የሚደግፍ ሙሉ ባሕር ኃይል ከኋላዋ መኖሩ ነው።

ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973፣ በላታኪያ ወደብ አቅራቢያ ተደረገ። በታሪክ የመጀመሪያው የሚሳይል ጀልባዎች የእርስ በርስ ውጊያ ነው። እስራኤላውያን የሶሪያን ሚሳይሎች ራዳር በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ አደናገሩት፤ ብልጭልጭ ብናኝም በሰማይ ላይ በትነው ሐሰተኛ ዒላማ ፈጠሩለት። አንድም ሚሳይል አላገኛቸውም፤ አምስት የሶሪያ መርከቦችና ጀልባዎች ግን ሰጠሙ። ኤላት ከሰጠመች ስድስት ዓመት ብቻ ነበር ያለፈው። በዚህ ሙያ መሣሪያ ቶሎ ያረጃል፤ ሳይታደስ ለቆየ ሚሳይል ጠላት መልሱን ያጠናለታል።

ወደ ምጽዋ

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ተመሠረተ። በምሥረታው የኖርዌይ መኮንኖች ረድተዋል። ዋና ሠፈሩ ምጽዋ ሆነ፤ መኮንኖቹን የሚያስተምር ኮሌጅም በአስመራ ተከፈተ። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የመጣችውና «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብ ሆነች። ሌሎቹም የጥበቃ ጀልባዎች በብዛት አሜሪካ ሠራሽ ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. ሳይቀር ስዊፍትሺፕስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራቸው ጀልባዎች ደርሰው ነበር። በዚያው ዓመት የደርግና የአሜሪካ ወታደራዊ ግንኙነት ተበጠሰ፤ ሶቪየት ኅብረት በቦታው ገባች። ከ1970 ዓ.ም. አንሥቶ ባሉት ጥቂት ዓመታት አራት ኦሳ ሁለት ጀልባዎች፣ የቶርፔዶ ጀልባዎችና የማረፊያ መርከቦች ተከታትለው መጡ፤ በኋላም ፔትያ የሚባሉ ሁለት ፍሪጌቶች ተጨመሩ።

እዚህ ላይ የብረት ሠራተኛው ወንድሜ ጆሮውን ይስጠኝ። አንድ ባሕር ኃይል ውስጥ የአሜሪካና የሶቪየት ጀልባ ጎን ለጎን ቆሙ። የአንደኛው ብሎን በኢንች፣ የሌላኛው በሚሊ ሜትር ተለክቷል። የኢንች ብሎን ለሚሊ ሜትር ዳዶ እንደማይሆን እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። መፍቻው ሁለት ዓይነት፣ የመለዋወጫ መጋዘኑ ሁለት ዓይነት፣ የጥገና መጽሐፉም በሁለት ቋንቋ ሆነ ማለት ነው። ከአሜሪካ ጋር ይህ ግንኙነት ሲቋረጥ የአንደኛው ወገን መለዋወጫ ምንጭ ደረቀ።

ሞተር ክፍሉ ውስጥ

አሁን ወደ ኦሳ ሞተር ክፍል እንውረድ። በውስጧ ኤም-504 የሚባሉ ሦስት የናፍጣ ሞተሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 5,000 የፈረስ ጉልበት አላቸው። በከባድ መኪና ላይ ስድስት ወይም ስምንት ሲሊንደር በአንድ ወይም በሁለት ረድፍ ተደርድሮ ታያላችሁ። በኤም-504 ሰባት ረድፎች በአንድ ክራንክ ሻፍት ዙሪያ እንደ ኮከብ ይዘረጋሉ፤ በየረድፉ ስምንት ሲሊንደር አለ። ድምሩ 56 ነው። ሦስቱ ሞተሮች ሲደመሩ አንዲት ትንሽ ጀልባ 168 ሲሊንደር ይዛ ትጓዛለች። ጀልባዋን 40 ኖት ያስሮጣት ይህ ነው፤ መካኒኩን የሚያስጨንቀውም ይኸው ነው። ከረድፎቹ ገሚሱ ወደ ታች፣ ወደ ጀልባዋ ወለል ያዘነበሉ ስለሆኑ በጠባቡ ክፍል ውስጥ እጅ አያስገቡም። ከሚሰጠው ጉልበት አንጻር ሞተሩ ቀላል እንዲሆን የተሠራ በመሆኑም የተወሰነ ሰዓት ከሠራ በኋላ ወጥቶ ሙሉ እድሳት ይፈልጋል። እድሳቱ ኩሽኔታ መቀየርና ፒስተን ማጽዳት ብቻ አይደለም፤ ልዩ መሣሪያ ያለው ፋብሪካ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

በዚህ ላይ የአየሩን ጠባይ ጨምሩበት። ኦሳ የተነደፈችው የሶቪየት ኅብረትን ቀዝቃዛ ባሕሮች ታሳቢ በማድረግ ነው። ምጽዋ ከዓለም ሞቃታማ ወደቦች አንዷ ናት። የጀልባዋ የታችኛው አካል ብረት፣ የላይኛው የአሉሚኒየምና የማግኒዚየም ቅይጥ ነው፤ ሁለት ዓይነት ብረት ጨዋማ ውሃ ባለበት ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይበላዋል። ከሆዷ ሥር የባሕር ሣርና ባለ ዛጎል ፍጥረት ሲለጠፍ ፍጥነቷ ይወርዳል፤ ይህን ለመፋቅ ጀልባዋን ከውሃ የሚያወጣ ዶክ ያስፈልጋል። ሚሳይሉ ራሱ የሚነዳው በፈሳሽ ነዳጅና ናይትሪክ አሲድ ባለበት ፈሳሽ ነው። ሁለቱም መርዛማ ናቸው፤ ሠራተኞቹ መከላከያ ልብስ ለብሰው በጥንቃቄ ይሞሉታል፤ ከተሞላ በኋላም እንደፈለጉ አያቆዩትም።

ይህን ሁሉ ማን ይሠራ ነበር? ሶቪየት ኅብረት በዳህላክ ደሴቶች፣ በኖክራ፣ ለራሷ መርከቦች የጥገናና የስንቅ ማዕከል አቋቁማ ነበር። የእኛም መኮንኖች ሶቪየት ኅብረት ድረስ እየሄዱ ሠልጥነዋል፤ ጥረታቸውን ማሳነስ አይገባም። ዋናው እድሳት፣ መለዋወጫውና ሚሳይሉ ግን ከሞስኮ ፈቃድ ጋር የተሳሰረ ነበር። በሰው ወርቅ አይደምቁም ይላሉ አባቶቻችን።

ሌላም ጉድለት ነበር። ኦሳ የተሠራችው ትልቅ የጦር መርከብ ለማደን ነው። በቀይ ባሕር ላይ የገጠማት፣ ለኤርትራ ነፃነት የሚዋጋው ሻዕቢያ ግን መድፍና መትረየስ የጫኑ ፈጣን ትንንሽ ጀልባዎች እንጂ ክሩዘር አልነበረውም። በሺህ ቶን የሚመዘን መርከብ እንዲፈልግ የተሠራ ራዳር ከማዕበል በላይ እምብዛም የማትታይ ጀልባን ለማግኘት አይመችም።

ፍጻሜው

የካቲት 1 ቀን 1982 ዓ.ም. የምጽዋ ውጊያ ተጀመረ፤ በቀናት ውስጥ የባሕር ኃይሉ ዋና ሠፈር ከእጅ ወጣ። የተረፉት መርከቦች ዳህላክና አሰብ ላይ ቆዩ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ ብዙዎቹ ወደ የመን ሸሹ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃነቷን ስታውጅ ኢትዮጵያ ባሕር የሌላት፣ ባሕር ኃይል ግን ያላት አገር ሆነች። የመን መርከቦቹን አስወጣች፤ በመጨረሻ ጅቡቲ ተጠለሉ። የወደብ ኪራያቸው ሳይከፈል ሲከማች ጅቡቲ መስከረም 6 ቀን 1989 ዓ.ም. ያዘቻቸውና ለጨረታ አቀረበቻቸው። ኤርትራ አንዲት ኦሳና ሦስት የስዊፍትሺፕስ ጀልባዎች ገዛች፤ የቀሩት ለብረታ ብረት ተቆራረጡ። ጂቢ-21 የተባለች አንዲት የጥበቃ ጀልባ ብቻ ወደ ጣና ሐይቅ ተወሰደች።

አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «ባሕር ኃይሉን ያጠፋው የጦርነቱ ሽንፈትና የባሕር በር ማጣት ነው፤ ጥገና ምን አገባው?» ሊለኝ ይችላል። እውነት አለው፤ ወደብ ያጣ ባሕር ኃይል በየትኛውም ወርክሾፕ አይድንም። ነገር ግን ከሽንፈቱ በፊት የነበረውን ለመመዘን ፊንላንድን ተመልከቱ። እሷም በ1970ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ልክ እንደ እኛ አራት ኦሳ ሁለት ከሶቪየት ኅብረት ገዛች። የገዛችው ግን የመርከብ ግንባታ ልምድ ይዛ ነው። የራሷን ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ገጠመችባቸው፤ ሚሳይሉ ሲያረጅ ጀልባዎቹን ፈንጂ እንዲያጠምዱ አድርጋ ለወጠቻቸው። ፊንላንድ እንደኛ የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ እንዳልነበረች አልዘነጋሁም። ይሁንና በአራት ጀልባ ከጀመሩት ሁለት አገሮች አንዷ በጀልባዎቹ ላይ የራሷን ውሳኔ ስትወስን፣ ሌላዋ የሻጩን ውሳኔ ስትጠብቅ ኖራለች።

ምን እንማር?

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድኩ ነበር። በ2010 ዓ.ም. መንግሥት ባሕር ኃይሉ እንደገና እንደሚደራጅ አስታወቀ፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የመከላከያ ስምምነት ይህንኑ ሥራ ያካተተ ነው። በዚህ ላይ ሦስት ሐሳብ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ጀልባ ከመታዘዙ በፊት የሚጠገንበት ቤት ይታሰብ። ግዢ ሲፈጸም ሞተሩ የት እንደሚታደስ፣ በማን እጅ እንደሚታደስና መለዋወጫው ቢከለከል ምን እንደሚደረግ በውሉ ላይ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ዓይነት ይቀነስ። በጥቂት የሞተር ዓይነት የሚሄዱ ጥቂት ጀልባዎች ከየአገሩ ተለቃቅመው ከመጡ ብዙ ጀልባዎች ይሻላሉ።

ሦስተኛ፣ ጠላት ወይም ሥጋት ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይለይ። የጭነት መርከብን ከወንበዴ የሚጠብቅ ጀልባና ክሩዘር የሚያድን ጀልባ አንድ አይደሉም።

ሦስቱም ሐሳቦች በአቃቂ ይጀመራሉ ብል አላጋነንኩም። የእርሻ መሣሪያ፣ የስኳር ፋብሪካ፣ የሎኮሞቲቭ መለዋወጫ በጥራት መሥራት የሚችል እጅ ነገ የጀልባ ፕሮፔለርና ዘንግ ይሠራል። ያን ችሎታ ባሕር በር ሳናገኝም፣ ዛሬውኑ ልንገነባው እንችላለን። ስለዚህ በአገራችን ስለ ጦር መርከብ በተወራ ቁጥር ከዚህ አዳራሽ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ፣ «ሚሳይሉ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ሳይሆን «ከክፍሎቹ የትኛውን እኛ እንሠራለን?» የሚል እንዲሆን አደራ እላለሁ።