የሩቅ ባሕር ማዕበል፣ የቅርብ ማሳ



«የባሕር በር የሌላት አገር ስለ ውቅያኖስ አውሎ ነፋስ ምን አስጨነቃት?» የሚል ጥያቄ ከተማሪዎቼ በተደጋጋሚ ይቀርብልኛል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. መኩኑ፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ደግሞ ሉባን የተባሉ አውሎ ነፋሶች ከዐረብ ባሕር ተነሥተው በደቡብ ዐረቢያ በረሃ ላይ ከባድ ዝናብ አወረዱ። በረጠበው አሸዋ ውስጥ የበረሃ አንበጣ ያለ ተቆጣጣሪ ተራባ። በ2012 ዓ.ም. መንጋው በገበሬያችን ማሽላና ጤፍ ላይ ሰፈረ።

ይህን ሁሉ ያመጣው የአየር ንብረት ለውጥ ነውን? አውሎ ነፋስ ከጥንትም ነበረ፤ መጠየቅ የሚገባን ሙቀቱ ምን እንደሚጨምርበት ነው። አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል፤ የሞቀ ባሕርም ለአውሎ ነፋሱ ጉልበት ይሆነዋል። ስለዚህ የአውሎ ነፋሶች ጠቅላላ ቁጥር ባይጨምር እንኳ፣ የብርቱዎቹ ድርሻ እንደሚያድግና ዝናባቸው እንደሚከብድ እንጠብቃለን።

ከበረሃው ዝናብ እስከ ማሳችን ውድመት ድረስ ከአንድ ዓመት የማያንስ ጊዜ ነበረን። ተማሪዎቼ ሆይ፣ የነገ ትንበያችሁ በድንበራችን ላይ አይቁም፤ ባሕሩንም ይመልከት።