መቆጠብና መጠበቅ

(በምሩቃን መገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ቤት ቁጠባ ተናገር» ሲሉኝ መጀመሪያ እምቢ ነበር ያልኩት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የባንክ ኃላፊ አለ፣ ኦዲተር አለ፣ እኔን ሒሳብ ያስተማሩኝ መምህሮች አሉ። እኔ ያለኝ አንድ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ነው፤ እሱም ዕዳው አላለቀም። በኋላ ግን «ስህተቱን የሠራ ሰው ይናገር» ብለው አሳመኑኝ። እንግዲህ በዚያ ሥልጣን ነው የቆምኩት።

በ1999 ዓ.ም. ተመርቄ ሥራ ስይዝ ከዚህ በር ብዙም ሳልርቅ፣ እዚሁ ሜክሲኮ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራየሁ። ትዳርም የያዝኩት እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ሰኔ 2005 የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ሲከፈት እኔና ባለቤቴ ማልደን ሄደን ተሰለፍን። በ20/80 ፕሮግራም የወር ቁጠባው ለስቱዲዮ 151 ብር፣ ለባለ አንድ መኝታ 274፣ ለባለ ሁለት 561፣ ለባለ ሦስት 685 ነበር። ባለ አንድ መኝታ መረጥን። ደብተሩን ይዘን ስንወጣ ቤቱን የያዝን ያህል ነበር ደስታችን። የሻይ ቤቱ ሒሳብ ሳይቀር በእኔ ነበር።

ከዚያ በኋላ ምን አደረግን? በየወሩ 274 ብር አስገባን። አንድም ወር አላለፈንም። ደመወዛችን ሲጨምርም 274። የቤት ኪራዩ ሲጨምርም 274። እኔ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ ግን የተጠየቅሁትን ከከፈልኩ የቆጠብኩ ይመስለኝ ነበር።

ጥቅምት 2010 ላይ ነው የነቃነው። ብር በ15 በመቶ ከዶላር አንፃር ዝቅ ተደረገ፤ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አለ። እኔ ማታ ራት ላይ «ወለዱ ጨመረልን» ብዬ ለባለቤቴ አበሰርኩ። እሷ «በስንት ብር ላይ ነው የጨመረልን?» አለችኝ። ደብተር አወጣንና ደመርን። በ52 ወር ያስገባነው 14,248 ብር ነው። በዚያው ጊዜ ለአከራያችን የከፈልነው ከ100 ሺህ ብር በላይ ነበር፤ በ1,200 የገባንበት ክፍል 3,000 ደርሶ ነበር። ባለቤቴ እርሳሱን አስቀምጣ «እኛ እኮ እየቆጠብን አይደለም፤ እየጠበቅን ነው» አለች።

የዛሬው ንግግሬ ይኸው ነው። መቆጠብና መጠበቅ ይለያያሉ። መጠበቅ ወረፋ ነው፤ ቀኑን ሌላ ሰው ነው የሚወስነው። በመቆጠብ ግን የምትወስነው አንተ ነህ፤ ገቢህ ሲያድግ ቁጠባህም ካላደገ ደግሞ ወደ መጠበቅ ይለወጣል። ከበራችን ላይ ቆማችሁ ወደ ሰንጋ ተራ ብታዩ ከ40/60 ቤቶች የመጀመሪያዎቹ ይታያሉ። በ2009 ዓ.ም. ሲጠናቀቁ ዕጣ ውስጥ የገቡት ሙሉ ክፍያ የፈጸሙት ናቸው። ብዙ ሰው ቅር ተሰኝቷል፤ ቅሬታውም ይገባኛል። ትምህርቱ ግን ለእኔ ግልጽ ነበር።

ከዚያች ማታ በኋላ ሦስት ነገር ቀየርን።

አንደኛ፣ የ274ቱን ደብተር ሳንነካ ሌላ ሒሳብ ከፈትን። ሁለታችን ተደምረን እጃችን የሚገባው 15 ሺህ ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ላይ ደመወዝ በገባ ዕለት 4,000 አስቀድመን እናነሳለን። ከወር ወጪ የተረፈውን ለመቆጠብ ብዙ ጊዜ ሞክረን ነበር፤ ተርፎ አያውቅም። ጭማሪ ባገኘን ቁጥር ግማሹን ኑሮው ሳያየው ወደዚያው እንልካለን። በዚህ መንገድ 6,000፣ በመጨረሻም 8,500 ደረስን።

ሁለተኛ፣ በጀታችን ውስጥ «የሰው» የሚል መስመር አስገባን። መምህሮቼ ይቅር ይበሉኝና፣ ይህንን ከመማሪያ መጽሐፍ አላገኘሁትም። ቁጠባችንን ሲያፈርስ የኖረው ማኪያቶ አይደለም። ልቅሶ ነው፣ ሠርግ ነው፣ አገር ቤት ያለች እናት መድኃኒት ነው፣ የእህት ልጅ የትምህርት ክፍያ ነው። እኛ እነዚህን «ድንገተኛ» እንላቸው ነበር። በየወሩ የሚመጣ ነገር ምኑ ድንገተኛ ነው? ወርሃዊ 1,500 ብር መደብንላቸው። ያልተነካበት ወር ለሚቀጥለው ይተላለፋል። ዘመድ ሲጠይቀን ያለውን እንሰጣለን፤ ከመስመሩ ሲያልፍ «ለዚህ ወር ይኸው ነው» ማለት ተማርን። ከባድ ነበር። ግን ሳይናገሩ ከመሸሽ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ዕቁብ። ዕቁብ ወለድ የለውም፤ የሚጠቅመው እጅህን ስለሚያስር ነው። የዕቁቡ መዋጮ ከዚያው ከቁጠባው ላይ የተነሳ ነበር። ስናወጣ በዚያው ዕለት ወደ ሁለተኛው ሒሳብ እንዲገባ ተስማማን። አንድ ጊዜ ሶፋ ለመግዛት ተፈትኜ ነበር። ባለቤቴ «ሶፋውን የሰው ቤት ውስጥ ልታስቀምጠው ነው?» አለችኝና ተውኩት።

መጋቢት 2013 ወደ 250 ሺህ ብር ደረሰልን። ጀሞ አንድ ስቱዲዮ በ850 ሺህ ብር ተገኘ። የቀረውን 600 ሺህ ያገኘነው ባለቤቴ የባንክ ሠራተኛ በመሆኗ፣ በሠራተኛ ብድር ነው። ይህንን መደበቅ አልፈልግም። ያ ብድር ባይኖር ምናልባት ዛሬም ስለ ተከራይነት ነበር የማወራችሁ።

አንድ ከባድ ውሳኔ ግን ቀርቶ ነበር። ቤት በስማችን ከሆነ ከኮንዶሚኒየም ወረፋ እንወጣለን። ስምንት ዓመት ሊሆነን ነው! ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እዚሁ ግቢ «ወጥቶ የማይመለስ ወጪ የነገን ውሳኔ አይወስንም» ብለው አስተምረውኛል፤ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ግን የጥቁር ሰሌዳው ወጪ ሌላ፣ የራስህ ስምንት ዓመት ሌላ ነው። ጠዋት ባለቤቴ «ወረፋው ውስጥ ልጅ ማሳደግ ይቻላል?» አለችኝ። ተፈራረምን።

ደግሞ ሌላ ስህተት ሠራን። የስም ማዛወሪያውን በጀት ውስጥ አላስገባሁም! አሹራ 4 በመቶ፣ ቴምብር 2 በመቶ፤ ተደምሮ 51 ሺህ ብር። የደላላው ድርሻ ለብቻው። በዚያች የ274 ብር ደብተር ላይ የነበረው ከነወለዱ 32 ሺህ ገደማ ነበር። እሱን አውጥተን ከፈልን፤ የጎደለውን ከወንድሜ ተበደርን። ያ ሁሉ ዓመት የጠበቅንበት ገንዘብ ለስም ማዛወሪያም አልበቃ።

ወረፋ የያዛችሁ ልቀቁ ማለቴ ግን አይደለም። ከክፍላችን ጓደኞች አንዱ በትዕግሥት ጠብቆ ዕጣ ደርሶታል፤ ከእኔ በጣም ባነሰ ዋጋ ከእኔ የሰፋ ቤት አለው። እሱ አልተሳሳተም። እኔ የምለው፣ ወረፋውን ያዙ፣ ግን እሱን ቁጠባ ብላችሁ አትጥሩት። ሌላ ሒሳብ ክፈቱ።

ለአዲስ ምሩቃን፦ የዛሬው የቤት ዋጋና የጀማሪ ደመወዝ እንደማይተዋወቁ አውቃለሁ። «ቆጥባችሁ ግዙ» ብዬ ልመጻደቅባችሁ አልችልም። ሆኖም በ1320/2016 አዋጅ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር መብለጥ የለበትም። ውላችሁን በጽሑፍ አድርጉና አስመዝግቡት። ኪራያችሁ የሚታወቅባቸው ሁለት ዓመታት በጀት የሚሠራባቸው ሁለት ዓመታት ናቸው። ስትገዙ ደግሞ ቤቱ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ሳታረጋግጡ ቀብድ አትስጡ።

ለመምህሮቻችን አንድ ልመና አለኝ። የድርጅት በጀት አስተምራችሁናል፤ እንጀራም በልተንበታል። ለልጆቹ የቤት በጀትም አሠሩልን። «የሰው» የሚለውን መስመርም አስገቡበት።

ቤታችን ጠባብ ናት፤ ሶፋ አሁንም የለንም። ግን አሁን የሚገባበት ቤት ስላለ፣ ለሶፋ እየቆጠብን ነው። ብቅ በሉ፣ ቡና አለ።