ጠርዙ «ፖዘቲቭ» ነው ሲባል
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ጀርመን አገር ነርስነት ተምሬ እዚያው በሕፃናት ካንሰር ክፍል እሠራለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ኮሚቴው «ስለ ጤና አንድ ነገር በይን» ሲለኝ ስለ ስኳርና ደም ግፊት አስቤ ነበር፤ እነሱን ግን ከእኔ በላይ ታውቋቸዋላችሁ። ስለዚህ አምና ስላስደነገጠን ወረቀት ልናገር።

እንደምታስታውሱት ለአንዲት ሕፃን የጉበት ኦፕራሲዮን አዋጥተን ነበር። ኦፕራሲዮኑ ተሠራ፣ እልል አልን። ቆይቶ የፓቶሎጂው ውጤት መጣና አጎቷ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልን። የተቆረጠው ጠርዝ «ፖዘቲቭ» ነው ይላል። አያቷ ይህን ቃል የሚያውቁት ከሌላ በሽታ ጋር ነውና ራሳቸውን ይዘው ጮኹ። በእኛም በኩል ስልኩ አላርፍ አለ። ገሚሱ «ካንሰሩ ውስጧ ቀርቷል፣ ውጭ ወስደን እንደገና እናስቆርጥ» አለ። ገሚሱ ደግሞ «ኬሞውም ይቅር፣ አታሰቃዩዋት» አለ። ሁለቱም ከፍቅር የመጡ ናቸው። ሁለቱም ግን ልጅቷን ሊጎዷት ይችሉ ነበር።

የተበላሸ ድንች ስንልጥ ጥቁሩን ብቻ አናነሳም፤ ከዳሩ ደህናውንም ጨምረን እንቆርጣለን። ቀዶ ሐኪሙም ዕጢውን ሲያወጣ በዙሪያው ያለውን ደህና ጉበት ትንሽ አብሮ ያነሳል። ከዚያ ፓቶሎጂስቱ የተቆረጠውን ፊት ቀለም ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ያያል። የካንሰር ሴል ቀለሙ ድረስ ከደረሰ ጠርዙ ፖዘቲቭ ተባለ ማለት ነው። በአዋቂዎች የጉበት ካንሰር ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ደህና ጠርዝ ሲፈልጉ ኖረዋል። በሕፃን ጉበት ላይ ይህ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ዕጢው ትልቅ ነው፤ ቀሪው ጉበት የሚኖርባቸውን የደም ሥሮች ተደግፎ ይቀመጣል። 1 ሳንቲ ሜትር ልጨምር ያለ ሐኪም ሥሩን ይቆርጣል።

ደግሞም በሽታው ያው አይደለም። ሄፓቶብላስቶማ ይባላል፤ በብዛት የሚታየው ከ3 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ነው። እንደ አዋቂዎቹ ከሄፓታይተስ ወይም ከመጠጥ የሚመጣ አይደለም። (እናትየውን «ምን አብልታት ነው» ያላችሁ ካላችሁ እባካችሁ ተዉ።) ትልቁ ልዩነት ለኬሞ የሚሰጠው ምላሽ ነው። ሲዮፔል የተባለው ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ቡድን በ2009 ባወጣው ጥናት፣ ዕጢያቸው ከጉበት ያልወጣና በመደበኛ የአደጋ ደረጃ ላይ ያሉ ልጆች ሲስፕላቲን የተባለውን መድኃኒት ብቻ ከኦፕራሲዮን በፊትና በኋላ ወስደው፣ ከ3 ዓመት በኋላ 95 ከመቶ ያህሉ በሕይወት ነበሩ። ይኸው ቡድን በኋላ ጠርዛቸው በማይክሮስኮፕ ፖዘቲቭ የሆነባቸውን ልጆች ከሌሎቹ ጋር ሲያስተያይ በሕይወት መቆየታቸው ላይ ልዩነት አላገኘም። ቢላዋው ያልደረሰበትን ኬሞው ይደርስበታል።

ይህን ስል ጠርዝ ግድ የለውም ማለቴ አይደለም። በዓይን የሚታይ ዕጢ ከቀረ ነገሩ ሌላ ነው። የደም ሥሩን ጨርሶ የያዘ ዕጢ ከሆነም ገና ከመቆረጡ በፊት ስለ ጉበት ንቅለ ተከላ መነጋገር ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ያን ቀን ለአጎቷ ሐኪሙን ጠይቅ ያልኩት፦ በዓይን የሚታይ የቀረ ነገር አለ ወይ? አልፋ ፊቶፕሮቲን የሚባለው የደም ምርመራ እየወረደ ነው ወይ? ስንት ዙር ኬሞ ይቀራታል?

መልሱ መጣ። በዓይን የሚታይ የቀረ ነገር የለም፣ ደሙ እየወረደ ነው፣ 2 ዙር ይቀራል። ነገር ግን ለእነዚያ 2 ዙሮች ገንዘብ አልነበረም! ያዋጣነው ለኦፕራሲዮኑ ነበር፤ አልቋል። እናትየው ለአዲስ አበባ ማደሪያ የምትከፍለው አጥታ ልትመለስ ሻንጣዋን አስራለች። እኔም ብሆን ነርስ ሆኜ፣ ስናዋጣ «ከዚያስ በኋላ?» ብዬ አልጠየቅኩም። ወረቀቱ ያስጮኸን እኛ ጠርዙን ፈርተን ነው፤ ልጅቷን የሚያሰጋት ግን ያቺ የታሰረች ሻንጣ ነበረች።

ያኔ በሦስት ቀን ሰብስበን ላክን፤ ልጅቷም ኬሞዋን ጨረሰች። አሁን ለክትትል በየጊዜው ደም ትሰጣለች። ሲስፕላቲን ጆሮ ስለሚጎዳ የመስማት ምርመራም አለባት፤ ይህም ወጪ ነው።

ለኮሚቴው ያቀረብኩት ጥያቄ አንድ ነው። ለታመመ ልጅ በምናዋጣበት ቅጽ ላይ «ለኦፕራሲዮን» ከሚለው በታች «ለቀሪው ኬሞ፣ ለምርመራና ለማደሪያ» የሚል መስመር ይጨመር፤ ገንዘቡም ከኦፕራሲዮኑ ቀን በፊት ተለይቶ ይቀመጥ። ድምፅ የሚሰጥበት ከቡና በኋላ ነው። ጥያቄ ያላችሁ እዚሁ ነኝ።