የጢስ መውጫን መጥረግ ቤተሰብን መጠበቅ ነው
(ለእናቶችና ለቤተሰብ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጢስ ነው። «ጢስ ደግሞ ምን ያነጋግራል? ከተወለድን ጀምሮ አብሮን የኖረ አይደለም ወይ?» የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፤ ጢስ ከማጀታችን ጠፍቶ አያውቅም። ነገር ግን አብሮ የኖረ ሁሉ ወዳጅ አይባልም። ቁንጫና ትኋንም አብረውን ኖረዋል፤ ወዳጆቻችን ናቸው ያለ ሰው ግን የለም።

ነገሩን በሦስት ከፍለን እንየው። መጀመሪያ ጢስ በሰውነት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት፣ ቀጥሎ የጢስ መውጫ እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንደሚደፈን፣ በመጨረሻም እንዴት እንደሚጠረግና እንደሚጠገን እንናገራለን።

ጢስ ምን ያደርጋል?

እንጨትም ሆነ ኩበት በደንብ ደርቆ፣ አየርም በሚገባ አግኝቶ ሲነድ ጢሱ ጥቂት ነው። እርጥብ ሲሆን ወይም አየር ሲያጥረው ግን ነበልባሉ ይደክምና ያልተቃጠለው ክፍል ጢስ ሆኖ ይወጣል። በጢሱ ውስጥ ለብቻቸው በዓይን የማይታዩ እጅግ የደቀቁ ብናኞች አሉ። እነዚህ ብናኞች በአፍንጫና በአፍ ገብተው እስከ ሳንባ ጥግ ይደርሳሉ። ከዚህም ሌላ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ አየር አለ። ይኸ አየር ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም፤ ስለዚህ ሰው ሳያውቀው ይመርዘዋል።

እናት እንጀራ ስትጋግር ዓይኗ ያነባል። ይህ የሚታየው ጉዳት ነው። የማይታየው ግን የባሰ ነው። ለብዙ ዓመት ጢስ ስትስብ የኖረች ሴት የማይለቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ያገኛታል፤ ዓይኗም በሞራ ሊጋረድ ይችላል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ሕፃኑ ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል። በጀርባዋ የታዘለው ልጅ ሳንባው ገና ያልጠነከረ ስለሆነ የሳንባ ምች በቀላሉ ይይዘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ በሚነድ እሳት ጢስ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው 5 ዓመት ያልሞላ ሕፃናት ናቸው።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ለወጡስ እውነት ይሆናል። ለእናትና ለልጅ ሳንባ ግን ጉልቻውን መለወጥ ትልቅ ጥቅም አለው።

የጢስ መውጫ እንዴት ይሠራል?

ትኩስ አየር ከቀዝቃዛ አየር ይቀላል፤ ስለዚህ ወደ ላይ ይወጣል። ከምድጃው ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ከጣራ በላይ የሚወጣ ቱቦ ካለ፣ ትኩሱ አየር ጢሱን ይዞ በቱቦው ይወጣል፤ በምድጃው አፍ በኩል ደግሞ ንጹሕ አየር ይገባል። እሳቱ ይበረታል፤ ቤቱም ይጠራል።

ይህ እንዲሆን መውጫው በደንብ የተሠራ መሆን አለበት። ጫፉ ከጣራው አናት ቢያንስ 60 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ዝቅ ካለ ነፋስ ጢሱን መልሶ ወደ ቤት ይገፋዋል። ዝናብ እንዳይገባበት ከላዩ የቆርቆሮ ቆብ ይደረግለት። መጠምዘዝ አይገባውም፤ በተጠማዘዘበት ቦታ ሁሉ ጥላሸት ይከማቻልና።

በጭቃ ወይም በድንጋይ ብቻ የተሠራ መውጫ ውስጡ ሻካራ ነው፤ ጥላሸት ቶሎ ይይዛል። ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቁበትም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ውስጡን በሸክላ ወይም በብረት ቱቦ መለበጥ መልካም ነው። ልባጡ ለስላሳ ስለሆነ ለመጥረግ ይመቻል፤ የእሳት ፍንጣሪም በስንጥቅ ወጥቶ ማገሩን እንዳይዝ ይከላከላል። ክዳኑ ሣር ከሆነ ግን ብዙ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የጋለ የብረት ቱቦ ሣርና እንጨት መንካት የለበትም። ዙሪያውን ቢያንስ አንድ ክንድ ያህል ይራቅ፤ በዚያ ቦታ ላይም በሣር ፋንታ ቆርቆሮ ይደረግ።

ጥላሸት ለምን ያስፈራል?

ከእሳቱ የወጣው ጢስ ወደ ቀዝቃዛው የቱቦ ክፍል ሲደርስ ከፊሉ እዚያው ይጣበቃል። መጀመሪያ እንደ ዱቄት የላላ ጥላሸት ይሆናል። እየዋለ እያደረ፣ ይልቁንም እርጥብ እንጨት ሲነድ፣ እንደ ቅጥራን የሚያጣብቅ ጥቁር ነገር ይሆናል። ይኸ ነገር ሁለት ክፋት አለው። አንደኛው መንገዱን ያጠብባል፤ ጢሱም ወደ ቤት ይመለሳል። ሁለተኛው ራሱ ይነዳል። ብዙ ነበልባል ያለው እሳት ከሥር ሲነሣ በቱቦው ውስጥ ያለው ጥላሸት በእሳት ይያያዛል፤ ፍንጣሪውም በጣራ ላይ ይዘንባል። የሣር ቤት እንዲህ ከተያያዘ ደግሞ እህሉም ከብቱም ሰውም ይጎዳል። ስለዚህ ጥላሸቱ 3 ሚሊሜትር ያህል ሲወፍር መጥረግ ያስፈልጋል።

ግድግዳ የሚጋሩ ቤቶች

በእንግሊዝ አገር ከተሞች ከመቶ ዓመት በላይ የቆዩ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው የተሠሩ ቤቶች ብዙ ናቸው። የጎረቤታሞች ጢስ መውጫ ብዙ ጊዜ በጋራው ግድግዳ ውስጥ ጎን ለጎን ይወጣል። የውስጡ አሮጌ ልስን ሲረግፍ የአንዱ ቤት ጢስና መርዘኛ አየር ወደ ሌላው ቤት ሾልኮ ይገባል። ስለዚህ በዚያ አገር ጢስ መውጫ መጥረግ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ባለሙያው በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ተጠርቶ ይጠርጋል፤ ስንጥቁን ይመረምራል፤ ልባጡ የተበላሸ ከሆነም እንዲለበጥ ያዛል።

ይህ ሙያ ግን ክፉ ታሪክ አለው። በዚያ ዘመን ወደ ጠባቡ መውጫ ገብተው የሚጠርጉት ትናንሽ ልጆች ነበሩ። ልጆቹ ይቃጠሉ ነበር፤ ታፍነውም የሚሞቱ ነበሩ። በ1775 እ.ኤ.አ. ፐርሲቫል ፖት የሚባል የለንደን ሐኪም እነዚህን ጠራጊዎች በብልታቸው አካባቢ የሚይዛቸው ነቀርሳ ከጥላሸት የመጣ መሆኑን ገልጦ ጻፈ። ልጆችን መላክ በሕግ ተከልክሎ ሳለ ብዙ ዓመት ቀጠለ፤ የቀረውም በ1875 እ.ኤ.አ. ጠራጊ ሁሉ ከፖሊስ ፈቃድ እንዲያወጣ ከታዘዘ በኋላ ነው። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ጥላሸት ለቆዳ ጠንቅ ነው፤ የጢስ መውጫ መጥረግም የልጅ ሥራ አይደለም።

በእኛም አገር በወረዳ ከተማና በገበያ ሰፈር ማድ ቤታቸው በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ጎረቤታሞች አሉ። እንዲህ ለሆናችሁ ምክሬ ይህ ነው። ሁለት ምድጃ በአንድ መውጫ አታገናኙ፤ የአንዱ ጢስ ወደ ሌላው ይመለሳልና። የጭቃው ግድግዳ የተሰነጠቀ እንደሆነ ጭድ ባለበት በተቦካ ጭቃ ምረጉት። ስንጥቅ መኖሩን ለማወቅ ጥቂት እርጥብ ቅጠል በምድጃው ላይ አጢሱና ጎረቤታችሁ በእሷ በኩል ትመልከት። ጢሱ በግድግዳው ከታየ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ደግሞም በአንድ ቀን ተስማምታችሁ ብትጠርጉ ድካሙም ወጪውም ይቀላል።

እንዴት ይጠረጋል?

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱን በግንቦት ክረምት ሳይገባ፣ ሁለተኛውን በመስከረም ክረምቱ ሲወጣ ጥረጉ። በክረምት እንጨቱ እርጥብ ስለሆነ ጥላሸቱ ይበዛል። ሠርግ ወይም ተዝካር ተደግሶ ብዙ እሳት የነደደ እንደሆነም ከዚያ በኋላ ማየት ይገባል። ሥራው እንዲህ ነው፦

1ኛ/ እሳቱን ከማታው አጥፉ። ጠዋት ፍምና ረመጥ አለመኖሩን እይዙና አመዱን አውጡ።

2ኛ/ ልጆችንና ነፍሰ ጡርን ከቤት አርቁ። መሶቡን፣ የውኃውን እንስራና የሊጡን ቡሃቃ ከማድ ቤት አውጡ ወይም በደንብ ክደኑ።

3ኛ/ የሚጠርገው ሰው አሮጌ ልብስ ይልበስ፤ አፍንጫውንና አፉን በነጠላ ወይም በጨርቅ ይሸፍን።

4ኛ/ የምድጃውን አፍ በእርጥብ ጆንያ ዝጉት፤ ጥላሸቱ ወደ ቤት እንዳይበተን ነው።

5ኛ/ በገመድ ጫፍ ላይ ድንጋይ እሰሩ፤ ከድንጋዩ በላይ ደግሞ ከቱቦው ስፋት ጋር የሚመጣጠን የሽቦ ብሩሽ ወይም የጠንካራ ጭራሮ እስር አድርጉ። ከላይ ወደ ታች እየሰደዳችሁ፣ መልሳችሁ እየጎተታችሁ ደጋግማችሁ ጥረጉ። ጣራ ላይ ለሚወጣው ሰው መሰላሉን ሌላ ሰው ይያዝለት። ጣራው ያረጀ ከሆነ አይውጣበት፤ ቱቦውን ከታች ፈትቶ ደጅ አውጥቶ መጥረግ ይሻላል።

6ኛ/ የወረደውን ጥላሸት ከምንጭና ከጉድጓድ ውኃ ርቃችሁ በጉድጓድ ቅበሩ። ሠራተኛው ሰውነቱን በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፤ ልብሱም ለብቻው ይታጠብ። ጥላሸት በቁስል ላይ ወይም በሕፃን እትብት ላይ ፈጽሞ አይደረግም።

7ኛ/ ከተጠረገ በኋላ ጥቂት ደረቅ ጭራሮ አንድዱ። ጢሱ በመውጫው ካልወጣ የወፍ ጎጆ ወይም የወደቀ ነገር ሊኖር ይችላልና እንደገና እዩት።

ቱቦው በዝገት የተበሳ፣ ልባጡ የተሰነጠቀ ወይም መውጫው ያዘነበለ እንደሆነ ግን በራሳችሁ አትታገሉ። ግንበኛ ወይም ቆርቆሮ ሠሪ ጥሩ። ለእሱ የምትከፍሉት ገንዘብ ለሚቃጠል ቤት ከሚወጣው ያንሳል።

የሚነሡ ጥያቄዎች

አንዳንድ እናቶች «ጢሱ ከወጣ ሣሩን ነፍሳት ይበላዋል፤ የተሰቀለው ዘርም ይነቅዛል» ይላሉ። ይኸ ከንቱ ወሬ አይደለም፤ ጢስ ነፍሳትን በእርግጥ ያርቃል። ነገር ግን ክዳን ቢበላ በሌላ ሣር ይከደናል፤ የልጅ ሳንባ ግን በሌላ አይተካም። ይልቅስ ማድ ቤቱን ከመኝታ ቤቱ ለዩት። ዘሩን በደንብ አድርቃችሁ አየር በማያስገባ ዕቃ አኑሩት።

ሌሎች ደግሞ «መውጫ ለመሥራት አቅም የለንም» ይላሉ። እንግዲያውስ በምትችሉት ጀምሩ። ከምድጃው በላይ በግድግዳው አናት ላይ ትይዩ የሆኑ ሁለት መስኮቶች ክፈቱ። እንጨቱን ከመንደዱ በፊት በፀሐይ አድርቁ፤ ቀጠን አድርጋችሁ ፍለጡት። ስትጋግሩ ልጁን አትዘሉት፤ ለሌላ ሰው ስጡት። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ለቅሞ ተሸክሞ መምጣቱንም ያቀልላል። መውጫ መኖሩ ጢሱን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውምና፣ መብራት ወይም ባዮጋዝ የሚገኝበት ቤት በዚያ ማብሰል ከሁሉ ይበልጣል።

ስለ ከሰል የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ

ከሰል ጢሱ ስለማይታይ ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን ያ ሽታ የሌለው መርዘኛ አየር ከከሰል ብዙ ይወጣል። ብርድ ነው ብላችሁ ፍም ያለበትን ማንደጃ ወደ መኝታ ቤት አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ፤ አራስ ቤትም ቢሆን እንዲሁ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት የተኙ ሰዎች ሳይነቁ ቀርተዋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና የጉልበት መክዳት የቤቱን ሰዎች በአንድነት ከያዛቸው መርዙ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ወዲያው በሩን ክፈቱ፤ ሁሉንም ወደ ደጅ አውጡ፤ ከዚያም ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው።

እንግዲህ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ነገሩ ረጅም ቢመስልም ሥራው አጭር ነው። እንጨቱ ይድረቅ፤ መውጫው ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ውስጡ ይለበጥ፤ በግንቦትና በመስከረም ይጠረግ፤ የከሰል ፍም ከመኝታ ቤት ይራቅ። አባቶች ሆይ፣ ጢሱን የሚስቡት እናትና ልጅ ናቸው፤ መሰላሉን ማቆምና ቱቦውን መጥረግ ግን የእናንተ ድርሻ ይሁን። ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ቀና ብላችሁ ጣራውን ተመልከቱ። ጠቀርሻው ከማገሩ ላይ ተንጠልጥሎ ካያችሁት ያው ነገር በልጆቻችሁ ደረት ውስጥም እየገባ መሆኑን ዕወቁ፤ ሥራውንም ነገ ጀምሩ።